«እኔን!» የምንለው ለወደቀ ብቻ ነውን?



ልጃችሁ ከውጭ እየሮጠ ሲገባ የበሩ ደፍ አደናቅፎት ቢወድቅ ከአፋችሁ ቀድሞ የሚወጣው ቃል ምንድን ነው? መልሱን ለመስጠት ብዙ ማሰብ አያስፈልጋችሁም። «እኔን!» ነው። ሕመሙ ካንተ ይልቅ ለእኔ ይሁን ማለታችን ነው። ይህን ቃል ለወለድነው ልጅ ብቻ አንለውም። የጎረቤት ልጅም ይሁን በመንገድ የሚያልፍ የማናውቀው ሰው፣ ሲደናቀፍ ካየነው «እኔን!» ማለት ከእናቶቻችን የወረስነው ደግ ልማድ ነው።

ይኸው ልጅ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሶ «ሁለተኛ ወጣሁ» ቢላችሁስ? ያን ጊዜ ከአፋችሁ ቀድሞ የሚወጣው ቃል ምን ይሆን? በዛሬው ጽሑፋችን የምናወጋችሁ ስለዚህ ነው። ለወጋችን መነሻ የሚሆነን የወንዶች 3000 ሜትር መሰናክል ሩጫ ነው። የሩጫ ወሬ ከቤተሰብ ዓምድ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡን።

አቀስታ ላይ ያመሸንበት ቀን

በ2012 ዓ.ም. የመስቀልን በዓል ምክንያት በማድረግ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ አክስቴን ለመጠየቅ ወደ አቀስታ ሄጄ ነበር። አቀስታ ከደሴ ተነሥቶ በስተምዕራብ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የለጋምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራበታል፤ በግ ይረባበታል። መስከረም ጠብቶ ሜዳው አደይ አበባ ቢለብስም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለ ጋቢ መቀመጥ አይሞከርም።

በከተማ ያደገውን ልጄን ከሁሉ የበለጠ የገረመው የአካባቢው ልጆች አካሄድ ነበር። ወደ ትምህርት ቤትም ሆነ በግ ለመጠበቅ ሲሄዱ አይራመዱም፤ ይሮጣሉ። የድንጋይ ካብ ሲገጥማቸው እጃቸውን አስደግፈው ይዘሉታል። ጅረት ሲገጥማቸው ከወዲያኛው ዳር የሚያርፉበትን ድንጋይ በዓይናቸው መርጠው ይሻገሩታል። ልጄም ሊከተላቸው ሞክሮ በሁለተኛው ቀን ከጅረቱ መሐል ወደቀና ጭቃ ለብሶ መጣ። እኔ «አልነገርኩህም?» ብዬ ስቆጣ፣ አክስቴ ከጓዳ ብቅ ብለው «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» አሉና እግሩን በሞቀ ውኃ አጠቡት። ከሁለታችን መካከል ተገቢውን ቃል የተናገሩት እሳቸው እንደነበሩ አሁን ሳስበው ይገባኛል።

መስከረም 23 ቀን ዓርብ ማታ ነው። እራት ተበልቶ ቡና ተፈላ፤ የገብስ ቆሎ ቀረበ። የአክስቴ የቡና ተጣጪ የሆኑ አንዲት ሙስሊም ባልቴት መጥተዋል። የሠፈሩ ልጆችም ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩለዋል። በኳታር ዋና ከተማ በዶሃ ይካሄድ በነበረው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የወንዶች 3000 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ የሚደረግበት ሰዓት ነበር። ከኢትዮጵያውያኑ መካከል ለሜቻ ግርማና ጌትነት ዋለ ነበሩበት። ለሜቻ ያን ጊዜ ገና 18 ዓመቱ ነበር።

መሰናክሉ የማይወድቅ ሩጫ

ይህን ውድድር ተከታትላችሁት ለማታውቁ ጥቂት እንግለጽላችሁ። የመሰናክል ሩጫ ከእንግሊዝ አገር የመጣ ነው። በድሮ ጊዜ ከአንዱ መንደር የቤተ ክርስቲያን ጉልላት እስከ ሌላው መንደር ጉልላት፣ አጥሩንና ቦዩን እየዘለሉ በፈረስ ይሽቀዳደሙ ነበር። በኋላም ሰዎች ያለ ፈረስ በእግራቸው ይሮጡት ጀመር። በ3000 ሜትር ርቀት በኦሊምፒክ መካሄድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920 በአንትወርፕ ነው።

ሯጩ በጠቅላላው 28 ጊዜ ደረቅ መሰናክል፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውኃ ያለበትን መሰናክል መዝለል ይኖርበታል። ለወንዶች የመሰናክሉ ከፍታ 91.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህም ወደ ወገብ የሚጠጋ ነው። በአጭር ርቀት የመሰናክል ሩጫ ላይ የምናያቸው ቀላል መሰናክሎች እግር ሲነካቸው ይወድቃሉ። ይህኛው ግን ከባድ አግዳሚ ነው፤ አይወድቅም። የመታው እግር ነው የሚጎዳው። ውኃው ያለበት ጉድጓድ 3.66 ሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ በመሰናክሉ ሥር ጠልቆ ወደ ፊት እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ አርቆ የዘለለ ጥልቀት በሌለው ውኃ ያርፋል፤ የደከመውና አጭር የዘለለው ደግሞ ጥልቁ ውስጥ ይገባል። የደከመ ሰው ይበልጥ የሚቀጣበት ሩጫ ነው ማለት ይቻላል።

አክስቴ ይህን ሁሉ ሕግ አያውቁም። ነገር ግን ሯጮቹ መሰናክሉን በዘለሉ ቁጥር ስኒያቸውን እንደያዙ «እኔን!» ይሉ ነበር። ለኢትዮጵያዊውም፣ ለኬንያዊውም፣ ለሞሮኮውም እኩል።

የአንድ ሴኮንድ መቶኛ

በመጨረሻው ዙር ለሜቻ መሪነቱን ይዞ ወደ ቀጥታው መሥመር ገባ። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ኬንያዊው ኮንሴስለስ ኪፕሩቶ ከኋላው ደረሰበትና ሁለቱም በአንድ ጊዜ መሥመሩን አለፉ። ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ የፎቶግራፍ መሣሪያውን ውጤት መጠበቅ አስፈለገ። ኪፕሩቶ 8 ደቂቃ ከ01.35 ሴኮንድ፣ ለሜቻ 8 ደቂቃ ከ01.36 ሴኮንድ ሆነ። ልዩነቱ የአንድ ሴኮንድ አንድ መቶኛ ነው። ዓይን ከሚርገበገብበት ጊዜ ያንሳል። ሞሮኳዊው ሱፍያን ኤል ባካሊ ሦስተኛ፣ የእኛው ጌትነት ዋለ አራተኛ ሆኑ።

«ውይ! አመለጠን! ምናለ ትንሽ ቢፈጥን ኖሮ!» አልኩ እጄን እያወናጨፍኩ።

አክስቴ ዞር ብለው «ምን ሆነ፣ ወደቀ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ኧረ አልወደቀም፤ ተቀደመ እንጂ።»

«ስንተኛ ሆነ?»

«ሁለተኛ።»

«ከዓለም?»

«አዎ፣ ከዓለም።»

«ታዲያ ምን ያንገበግብሻል? ላቡን አታይም? እኔን በይው እንጂ!»

ባልቴቲቱም ወደ ቴሌቪዥኑ እየተመለከቱ «አብሽር የኔ ልጅ፣ አብሽር» አሉ። አብሽር በወሎ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚለው የማጽናኛ ቃል ነው፤ አይዞህ እንደማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ልጄ ቀስ ብሎ «እኔም ሁለተኛ ስወጣ እማዬ እንደዚህ ነው የምትለኝ» ያለው። ድምፁ ውስጥ ቁጣም ለቅሶም አልነበረበትም። እንደማንኛውም የታወቀ ነገር ነበር የተናገረው። አክስቴ ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ቡናው ሁለተኛ ተቀዳ።

ከፍራሽ ሥር የተገኘው ወረቀት

ውድ አንባቢዎች፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ሰኔ ላይ ልጄ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቶ ካርዱን ሲያሳየኝ በመጀመሪያ የጠየቅሁት «አንደኛ የወጣው ማነው?» የሚል ነበር። ቀጥሎም «እሱ ካንተ በምን ይበልጣል?» አልኩት። ክፋት አስቤ አልነበረም። ላበረታታው የፈለግሁ መስሎኝ ነበር። ከሥራ ደክሞኝ የገባሁበትም ምሽት ነበረ። ከአቀስታ ከተመለስን በኋላ ግን አልጋውን ሳነጥፍ ከፍራሹ ሥር አራት ቦታ የታጠፈ የሒሳብ ፈተና ወረቀት አገኘሁ። ከሃያ አሥራ ሰባት ያገኘበት ነበር። አሥራ ሰባት የሚደበቅ ውጤት ነውን? ልጁ የደበቀው ውጤቱን አልነበረም፤ የሚጠብቀውን የእኔን ጥያቄ ነበር የሸሸው።

ልጅ ደስታውን ከእናቱ መደበቅ ከጀመረ ነገ ጭንቀቱን፣ ሕመሙንና የደረሰበትን በደል ሁሉ መደበቁ አይቀርም። ከሥራ ወደ ቤት ሮጠን የምንገባ እናቶች ልጆቻችንን የምናገኘው ለጥቂት ሰዓት ነው። በዚያች ጥቂት ሰዓት የምናነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ፈተና የሆነበት ልጅ አፉን ዘግቶ ማደግን ይለምዳል።

ደግሞስ ሁለተኛ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ በሚገባ አስበነው እናውቃለንን? ለሜቻ በዶሃ የሮጠበት ሰዓት እስከዚያ ቀን በኢትዮጵያ ታሪክ በዚህ ውድድር ከተመዘገቡት ሁሉ ፈጣኑ ነበር። አንድ ሰው ከአገሩ ሯጮች ሁሉ የበለጠ ሮጦም ሁለተኛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ጥያቄ ይህን አይነግረንም። «ካለፈው ጊዜ ተሻልህን?» የሚለው ግን ይነግረናል።

ለሜቻ ከዚያ በኋላም በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በ2014 ዓ.ም. በዩጂን፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ ሆኗል። በሦስቱም የቀደመው ኤል ባካሊ ነበር። በየአጋጣሚው «ምነው አንድ ጊዜ እንኳ!» ያልን ብዙዎች ነን። ነገር ግን ሰኔ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. በፓሪስ በተካሄደ ውድድር 7 ደቂቃ ከ52.11 ሴኮንድ በመሮጥ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያልተደፈረውን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ይኸው ደጋግሞ ሁለተኛ የወጣ ልጅ ነው።

«ያ ልጅ ተነሣ ወይ?»

ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም የገባበት ዕለት ነው። አክስቴ ለሕክምና አዲስ አበባ መጥተው እኛ ቤት ነበሩ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ የፓሪስ ኦሊምፒክ የመሰናክል ፍጻሜ ተጀመረ። የሦስት ሺህ ሜትሩ ትግል ወደ መጨረሻው ዙር ገብቶ ለሜቻ ከመሪዎቹ ጋር ሲገሰግስ እግሩ መሰናክሉን መታ። ወደቀ፤ ከወደቀበትም አልተንቀሳቀሰም። ሌሎቹ አልፈውት ሄዱ። ኤል ባካሊ አሸነፈ፣ አሜሪካዊው ኬኔት ሩክስ ሁለተኛ ሆነ፣ ኬንያዊው አብርሃም ኪቢዎት ሦስተኛ። እኛ ግን ያንን አላየንም። ዓይናችን ቃሬዛ ይዘው ወደ ሜዳው በገቡት ሰዎች ላይ ነበር።

አሥራ አራተኛ ዓመቱን የያዘው ልጄ ከመቀመጫው ተነሥቶ «እኔን!» አለ። የቤታችንን ቃል ከአፉ ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አክስቴ ለጾሙ ቅዳሴ ለመሄድ ነጠላቸውን ሲያጣፉ በማግስቱ የጠየቁት የመጀመሪያ ነገር «ያ ልጅ ተነሣ ወይ?» የሚል ነበር። ወደ ሆስፒታል መወሰዱን፣ ራሱን ማወቁንም ነገርናቸው። «ተመስገን» ብለው ወጡ። ስለ ሜዳልያው አልጠየቁም። እኔ መሥሪያ ቤት ስደርስ ግን «እንዴት መሰናክሉን አያይም?»፣ «ወርቁን አሳጣን» የሚሉ አጋጠሙኝ። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል ማለት ይህ ነው።

ልጅ ጭንቅላቱን ሲመታ

መውደቅን ካነሣን ለእናቶች አንድ ጠቃሚ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ልጅ ከዛፍ፣ ከደረጃ ወይም ሲሮጥ ወድቆ ጭንቅላቱን ቢመታ፣ በተለይም አንገቴን አመመኝ ካለ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ደንግጣችሁ ብድግ አድርጋችሁ አታንሡት። አንገቱ ሳይነቃነቅ ባለበት አቆዩትና እርዳታ ጥሩ። ራሱን የሳተ፣ ደጋግሞ ያስታወከ፣ ንግግሩ የተምታታበት፣ ከባድ ራስ ምታት የያዘው፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም ከጆሮውና ከአፍንጫው ደም ወይም ውኃ የመሰለ ፈሳሽ የሚወጣ ልጅ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ደህና የመሰለውንም ቢሆን አንድ ሁለት ቀን በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል። ራሱን የተመታ ልጅ በዚያው ቀን ወደ ኳሱ ወይም ወደ ሩጫው አይመለስ።

ልጁ ወድቆ የመጣው ተከልክሎ ከነበረበት ቦታ ቢሆንም እንኳ ቁጣው ይቆይ። ቁጣን የሚፈራ ልጅ ጭንቅላቱን መመታቱን ይደብቃል፤ የተደበቀ ጉዳት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

ሴቶቹም ተነሥተዋል

ይህ ውድድር ለረጅም ዘመን ለሴቶች ያልተፈቀደ ነበር። ሴቶች በኦሊምፒክ 3000 ሜትር መሰናክል የሮጡት ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤይጂንግ ነው። ወንዶቹ ከጀመሩት 88 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንዲያም ሆኖ ከአራት ዓመት በኋላ በለንደን የእኛዋ ሶፊያ አሰፋ ለሜዳልያ በቅታለች። በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ደግሞ እቴነሽ ዲሮ በማጣሪያው ውድድር ላይ ከሌሎች ጋር ተጋጭታ ጫማዋ ተበላሸባት። ቆም ብላ ጫማዋንና ካልሲዋን አውልቃ ጣለችና በአንድ እግሯ ባዶ የቀሩትን መሰናክሎችና ውኃውን እየዘለለች ጨረሰች። ለፍጻሜ የሚያበቃ ደረጃ ባታገኝም አቤቱታ ቀርቦላት እንድትሮጥ ተፈቅዶላታል። ሴቶች ልጆቻችንም ይህን ታሪክ ሊሰሙት ይገባል።

የወንዶቹን ታሪክ ወደ ኋላ ብንመለከትም ያው ነው። ኢትዮጵያ በመሰናክል ሩጫ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳልያ ያገኘችው ሐምሌ 24 ቀን 1972 ዓ.ም. በሞስኮ እሸቱ ቱራ 8 ደቂቃ ከ13.57 ሴኮንድ ሮጠው ሦስተኛ በወጡበት ጊዜ ነው። በወንዶች ቀጣዩን ለማግኘት እስከ ለሜቻ የቶኪዮ ብር ድረስ 41 ዓመት መጠበቅ አስፈልጓል። ሦስተኛነት ስንት ዓመት ብርቅ ሆኖ እንደሚቆይ ከዚህ እንረዳለን።

ከዚህ ምን እንማራለን?

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና በቶኪዮ ሲካሄድ ለሜቻ ግርማ ከዚያ ክፉ አወዳደቅ በኋላ እንደገና ለፍጻሜው ቀርቦ ሮጧል። ሜዳልያ አላገኘም። ያሸነፈው የኒውዚላንዱ ጆርዲ ቢሚሽ ነበር። ቢሚሽም ቢሆን ከሁለት ቀን በፊት በማጣሪያው ወድቆ የሌላ ሯጭ ጫማ ፊቱን ረግጦት ነበር፤ ተነሥቶ ነው ለፍጻሜ የደረሰው። በፍጻሜው ኤል ባካሊን የቀደመው ከአሥር የሴኮንድ መቶኛ ባነሰ ልዩነት ነው። ብዙ ጊዜ አንደኛ የነበረውም በተራው ሁለተኛ ሆነ ማለት ነው። ለአክስቴ አቀስታ ስልክ ደውዬ «ያ ልጅ ተነሣ፤ ሮጠም» አልኳቸው። «እሰይ! እንኳን ለዚህ አበቃው» አሉ። ስንተኛ እንደወጣ አሁንም አልጠየቁኝም።

እናቶች ሆይ፤ ልጆቻችን አንደኛ እንዲወጡ መመኘታችን ነውር የለበትም። ጥያቄያችን ግን ቅደም ተከተል ይኑረው። ልጁ ካርዱን ወይም የውድድሩን ወሬ ይዞ ሲመጣ በመጀመሪያ ድካሙን እንመልከትለት። ቀጥሎ ካለፈው ጊዜ ምን እንዳሻሻለ እንጠይቀው። የጎደለውን ነገር የምንነጋገረው በማግስቱ፣ በረጋ ልብ ይሁን። አንደኛ የወጣውን የጎረቤት ልጅ ስም ከዚህ ሁሉ ውስጥ እናውጣው፤ እሱም የእናቱ ልጅ ነው። አባቶችም ይህን ዓምድ በዓይናችሁ ካለፋችሁበት ይህ ምክር ለእናንተም ጭምር ነው።

እኔ በበኩሌ ያን ከፍራሽ ሥር ያገኘሁትን ወረቀት ዘርግቼ በቁም ሣጥኑ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ልጄ መጀመሪያ ሲያየው አፍሮ ነበር። «ለምን ለጠፍሽው? አሥራ ሰባት እኮ ነው» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። ወረቀቱ እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ መታጠፊያው ግን አሁንም ይታያል።